ዶክተር ሃልዶር ብያርናሰን እና ያልቀየሩት ዳሌ

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1958 ሃልዶርን «ሐኪም እሆናለሁ» ስላሉ በክፍሉ ሁሉ ፊት አቁመው «አንተ ብሎ ሐኪም! መጀመሪያ የዓሣውን ሽታ ታጠብ» ያሏቸው መምህር ክራውፎርድ ነበሩ። ሌላው ቢረሳ ቤተሰቡ አልረሳም።

ዶክተር ሃልዶር ከአይስላንዳዊው ዓሣ አጥማጅ ከአቶ ብያርኒ እና ከወይዘሮ ጉድሩን እ.ኤ.አ. በ1943 በካናዳ፣ ዊኒፔግ ሐይቅ ዳር ተወለዱ። በ1968 በሕክምና ተመረቁ። ታናሽ ወንድማቸው ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ የአባቱን ጀልባ ያዘ፤ እሱን ያመሰገነው የለም። ዶክተሩ በ1971 ወይዘሮ ሶልቬይግን አግብተው ክሪስቲንንና ሄልጋን ወለዱ።

በአጥንት ሕክምና ሠልጥነው፣ በረዶ ላይ ተንበርክከው መረብ የሚስቡ ዓሣ አጥማጆችን ያለቁ ጉልበቶችና ዳሌዎች ሲቀይሩ ኖሩ። እጃቸው ቢመሰገንም እንቅልፍ አልነበራቸውም። «አዲሱ ዳሌ ውስጥ ጀርም ከገባ ሰውየውን አበላሸሁት» እያሉ ምግብ አይወርድላቸውም ነበር። በሽተኛው ማደንዘዣ ሳይወስድ፣ ካልሲውን በገዛ እጃቸው አውልቀው፣ እንዳይሳሳቱ ቀዶ ጥገና የሚደረግበት እግር ላይ ይፈርሙ ነበር።

በጉበት ካንሰር ሲታመሙ ቆይተው እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 2015 አረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና ወንድማቸው ቀርተዋል። እግዚአብሔር በምድር ያጡትን እንቅልፍ በእቅፉ ይስጣቸው።

የሚከተለው እንዲነበብ የፈለጉት ከበሽተኞቻቸው አንዱ፣ አቶ ሌይፉር ናቸው፤ በደህና እግር መጥተው እዚሁ ለቅሶው ላይ ተቀምጠዋል። በ2004 ክረምት ቀኝ ዳሌያቸውን ለማስቀየር ከዓመት በላይ ተራ ጠብቀው የቀዶ ጥገናው አልጋ ላይ ወጡ። ዶክተሩ የሱፍ ካልሲያቸውን ቢያወልቁላቸው፣ ቀኝ እግራቸው ላይ የዓሣ መንጠቆ የወጋው ቁስል አብጦ መግል ይዟል። አቶ ሌይፉር እንደ ማንኛውም የሐይቁ ሰው ሬንጅ ቀብተው ደብቀውት ነበር።

«ሃልዶር፣ በእናትህ፣ አላየሁም በል! ተራዬ ያልፋል።»

«ዛሬ ከነካሁህ እግርህን ታጣለህ። መጀመሪያ ይሄ ይዳን።»

«እሺ በቃ። ግን ይቺን ጅልነቴን ለማንም እንዳትናገር፤ መሳቂያ ያደርጉኛል።»

ዶክተሩ ለማንም አልተናገሩም። አቶ ሌይፉር ግን አፍረው፣ ሚስታቸውን ጨምሮ ለጠየቃቸው ሁሉ «እጁ ተንቀጥቅጦ፣ ፈርቶ ተወኝ» አሉ። ወሬው ሐይቁን ዞረ። በሽተኞች አንድ በአንድ ወደ ከተማ ሐኪም መሄድ ጀመሩ። ዶክተሩ የዕድሜ ልክ ስማቸው ሲሄድ እያዩ ደጃፍ ደጃፉን ይመለከቱ ነበር።

ወንድማቸው «አንድ ቃል ብትናገር እኮ ያበቃል! ለማን ብለህ ነው የምትቃጠለው?» ሲላቸው፣

«በሽተኛዬ ነው» አሉ።

በየካቲት የሰፈሩ የክረምት ግብዣ ላይ፣ ሁሉም በአይስላንድ ልማድ የተቀቀለ የበግ ራስ እየበላ ሳለ፣ የአቶ ሌይፉር ባለቤት ወይዘሮ ቶራ ከማዶ ጠረጴዛ ጮኹ። «ዶክተር፣ ሥጋውን ልቁረጥልዎት እንዴ? ቢላ ሲይዙ ይንቀጠቀጣሉ አሉ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አቶ ሌይፉር ሳህናቸው ላይ አቀረቀሩ።

ዶክተር ሃልዶር ተነሡ። በአቶ ሌይፉር በኩል ሲያልፉ ጎንበስ ብለው የሰውየውን ቀኝ ጫማ አዩ። ማሰሪያው ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል፤ እብጠቱ ወርዷል ማለት ነው። ካፖርታቸውን ከመስቀያው አንሥተው ወጡ።