የደጀኔ ፈረንሳይኛ

ጥቅምት 4
ዛሬም ከመምህር ደጀኔ ፊት ለፊት ተቀመጥሁ። ሌላ ቦታ አልነበረም። ፊቴን በነጠላዬ ስጠርግ ዋልሁ። "ፈረንሳይኛ ከጉሮሮ ነው የሚወጣው" ይላል። ከእሱ የሚወጣው ግን ምራቅ ነው። ክፍሉ ደግሞ ከማዳበሪያ መጋዘን ጀርባ... ፍኖተ ሰላም ላይ ሌላ ቤት ጠፍቶ?

ትምህርቱ ስለ "ሬ" ነበር። ከቃል ፊት ስትገባ ሥራውን ትደግመዋለች። "ሊሬ" ማንበብ፣ "ሬሊሬ" መልሶ ማንበብ። "ፋኢሬ" መሥራት፣ "ሬፋኢሬ" እንደገና መሥራት። "ቬኒር" መምጣት፣ "ሬቬኒር" ተመልሶ መምጣት። ደጀኔ ዱሮ ዲያቆን ነበር። እንደ ግእዝ ነው፣ የተጻፈ ፊደል ሁሉ ይነበባል አለን። ጠረጴዛውን በዱላ እየመታ አስጮኸን።

ጥቅምት 9
ቡሬ አንድ ፋብሪካ አስተርጓሚ ይፈልጋል። ማሽን የሚተክሉ ፈረንሳዮች መጥተዋል አሉ። ፈተናውን ካለፍሁ ከአክስቴ ሱቅ እገላገላለሁ። ከበርበሬው፣ ከነገሯ...
ደጀኔ "ታልፊያለሽ" ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ። እጁ ርጥብ ነው። ኤጭ!

ጥቅምት 17
ቡሬ ደርሼ መጣሁ። ማውራት አልፈልግም።

ጥቅምት 18
እሺ፣ ልጻፈው። ክንዱ የሚባል የፋብሪካው ሠራተኛ ስልኩን ፊቴ አቆመልኝ። በቪዲዮ የምትፈትነኝ ፈረንሳዊት ፈገግ አለች። ያጠናሁትን ለቀቅሁት። ሬሊሬ፣ ሬፋኢሬ፣ ሬቬኒር... ሴትዮዋ ጆሮዋን ወደ ስልኳ አስጠጋች። ከዚያ ለክንዱ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አለችው። ክንዱ አፉን ያዘ።
"ምን አለች?"
"በምን ቋንቋ ነው የምታወራው ነው የምትል።"
ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ! ሴትዮዋ ሳታዝንልኝ አልቀረችም። አንዷን ቃል ጽፌ ሳሳያት ቀስ ብላ አነበበችልኝ። "ረቨኒር።" "ረ"ዋ ቀለል ያለች፣ ትንፋሽ ብቻ። ምራቅ የለ፣ ጩኸት የለ። እስክይዛት አስባለችኝና አመስግና ዘጋች።
አልተቀጠርሁም።

ኅዳር 2
ደጀኔ አዲስ ጀማሪዎችን አንቺ አስተምሪልኝ አለ። ደመወዝ አለው።
"ፈተናውን ወድቄ?"
"ማን ያውቃል?" ብሎ ሳቀ። ጥርሱ መሀል ጫት። አስጠላኝ። እሺ ማለቴ ደግሞ ከእሱም ባሰ። ታዲያ ሱቅ ልመለስ?

ኅዳር 5
የመጀመሪያ ቀኔ። ከተማሪዎቹ አንዱ ከሽንዲ የመጡ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ የሚባሉ ናቸው። ፈረንሳይ ላለ ቤተ ክርስቲያን ሊላኩ ነው። ሰሌዳው ላይ ቃሎቹን ጽፌ ዞር ስል መሪጌታ እንደ ቆሙ ናቸው።
"ልጄ፣ ንባቡን ከማን ወሰድሽው?"
እነሱ ዘንድ፣ በአብነት ትምህርት ቤት፣ መምህርሽ ከማን ተማረ ሳይባል ትምህርት አይጀመርም።
"ከመምህር ደጀኔ።"
"እሳቸውስ?"
ደጀኔ በሩ ላይ ነበር። "ከመጽሐፍ ነው፣ መሪጌታ። ጥሩ መጽሐፍ ነው።"
"ማን አነበበልዎት ነው የምል።"
ደጀኔ ወደ እኔ አፈጠጠ። አስተባብዪልኝ ነው። ደመወዙ ትዝ አለኝ...
"ማንም አላነበበለትም" አልሁ። "እኔም ሳላውቅ ነው የቆምሁት።"
ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ። ደጀኔ ከኋላ ይሳደባል። ሌሎቹ እንደ ተቀመጡ ቀሩ፤ መሪጌታ ብቻ ተከተሉኝ። መንገዱ ዳር ጋሪ እስኪያልፍ ቆምን።
"መሪጌታ፣ አንዲት ቃል ግን አለችኝ። ከቋንቋው ባለቤት አፍ የሰማኋት።"
"በይ እሷን ንገሪኝ።"
ነገርኋቸው። ደገሟት። እንደገና ደገሟት። አማረችላቸው።
"ስምሽ ማን ነው?" አሉኝ። "ከማን ወሰድህ ሲሉኝ የምጠራው።"
"ያምሮት" አልኋቸው።