ግራ ኩላሊት፣ ቀኝ ኩላሊት

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ብሪን ሰፈር ያለውን ቢሮ አጽድቼ ስመለስ ዘሚካኤል ጋ ጎራ አልኩ። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ አመሩድ ሰፈር፣ ከእኔ ሁለት ፎቅ በላይ ነው የሚኖረው። ከዲያሊሲስ፣ ከኩላሊት እጥበቱ ተመልሶ ሶፋው ላይ ተዘርሯል። በሳምንት ሦስቴ እንዲህ ነው።

«አንዱን ኩላሊቴን ውሰድ» አልኩት፣ ለስንተኛ ጊዜ።

«ናይ፣ አይሆንም! አንቺን አስቆርጬ?»

ደማችን ተስማማ፣ ሐኪሞቹም ተስማሙ። የቀረው እሱ ብቻ። ግትር!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

በመጨረሻ ለዘብ አለ። «የቱ ኩላሊትሽ እንደሚበልጥ ይለካ። የሚሻለው ላንቺ ካልቀረ አልቀበልም።»

የሚሻለውን ልሰጠው ነበር ያሰብኩት። አልነገርኩትም።

ሐኪሟን ጠየቅኳት። «ሁሌም የተሻለው ለሰጪው ነው የሚቀረው። ልዩነቱ ከበዛ ግን አንዱንም አንወስድም» አለች። ይሄስ ከየት መጣ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ኤም አር አይ ገባሁ። ቱቦው ጠባብ፣ ጩኸቱ የመንገድ ሥራ። የምታነሳኝ ሜሉ ትባላለች፤ ሃውገንስቱዋ ሰፈር ያደገች የኛው አገር ልጅ።

«ትንፋሽ ያዢ!» ያዝኩ። «ያዢ... ያዢ... ጎበዝ እትዬ!»

እትዬ? ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው! ሳቅ አመለጠኝ። ምስሉ ተበላሸ፤ ደገምነው።

ከዚያ በክንዴ መድኃኒት ሰጡኝ። «የኩላሊቶችሽን መልክ ብቻ አይደለም የምናየው» አለችኝ። «እያንዳንዱ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚያጣራም እንለካለን።»

ስወጣ «የቱ ይበልጣል?» አልኳት።

«ሐኪሟ ትነግርሻለች።»

ፊቷን ባየው ባየው... ምንም።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ሐኪሟ ደወለች። ከማጣራቱ ሥራ ቀኙ ሃምሳ ሦስት ከመቶ፣ ግራው አርባ ሰባት። ልዩነቱ ደህና ነው፣ ግራውን ይወስዳሉ!

ወዲያው ለዘሚካኤል ደወልኩ። «ሰነፏን ነዋ የምትሰጪኝ!» አለ።

«ተቀበልክ?»

«ተቀበልኩ።»

ባቡር ውስጥ ነበርኩ። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ሐሙስ፣ ጥር 7

ቀዶ ጥገናው ነገ ነው። ፈራሁ እንዴ? ትንሽ።

ረቡዕ፣ ጥር 13

ጥምቀትን ሆስፒታል ዋልን፣ ሁለታችንም። ጎኔን ያመኛል፤ ስስቅ ይብሳል።

ዛሬ ለዘሚካኤል የሽንት ቱቦውን አወጡለት። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብ የሚል ሽንት ያልነበረው ሰው! ነርሷ ማርያ ደግፋኝ ወደ ክፍሉ ሄድኩ። በሩ ላይ ተገጣጠምን። ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፊቱ ወዝ አለው... ይሄን ፊት ካየሁ ስንት ጊዜዬ?

የምለውን ሳዘጋጅ ነበር ያደርኩት። «ወንድሜ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ኋላ ትነግሪኛለሽ! ሽንቴ መጥቷል፣ ዘወር በይልኝ!»

ዘወር አልኩለት።