ፊቷን ወደ ፊት አድርገው ስለጎተቱልን ፒክ አፕ

ለተበላሹ ተሽከርካሪዎች ማንሻ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤንነት፣ ለቤተሰብዎ ጤንነት፣ እንዲሁም አንድም ቀን መንገድ ላይ ተገትራ አይቻት ለማላውቀው ለጥቁሯ የቢሮ መኪናዎ ጤንነት ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ሥራ እንደሚበዛብዎ ስለማውቅ ራሴን በአጭሩ ላስተዋውቅ፤ እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ፣ ባለቤቴ ደግሞ ሚዛን ጠጋኝ ነው። እግሮቹ ታመው መቆም ካቃታቸው ወዲህ የሚሠራው በአሮጌዋ ፒክ አፓችን ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሱቅ ደጃፍ ላይ አቁሞ ክላክስ ሲያደርግ ባለሱቁ የተዛባውን ሚዛን ታቅፎ ይወጣል፣ በመስኮት ያቀብለዋል፣ እሱም ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ፈትቶና ጠርጎ አስተካክሎ ይመልስለታል።

እግሩ ስለማይታዘዝለት የሚነዳት በእጁ ነበር። ነፍሱን ይማረውና ጎረቤታችን የነበረው በያጅ ከመሪዋ ሥር አንድ የብረት ዘንግ ሠርቶለት ነበር፤ ወደ ፊት ሲገፋው ፍሬን ይይዛል፣ ወደ ራሱ ሲስበው ነዳጅ ይሰጣል። በያጁ ባለቤቴን ወንበሩ ላይ እያስቀመጠ፣ ክንዱን እየለካ፣ ብረቱን እየቆረጠና መልሶ እየቀጠለ ብዙ ለፍቶበታል። ያ ዘንግ ከተሠራ ጀምሮ ባለቤቴ ከቤት ለመውጣት የማንንም ትከሻ ለምኖ አያውቅም። ይህን ማስቀደሜ የተበላሸብን መኪና ብቻ እንዳይመስልዎ ነው።

መቼም ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ነውና እርስዎን ልከስ አልተነሣሁም። የተደረገልንን ውለታ በተራ በተራ ቆጥሬ ላመሰግን ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነታችሁ። ፒክ አፗ የነዳጅ ፓምፗ አስቸግሯት አደባባዩ አጠገብ ቀጥ ስትል እኔም ከጎኑ ነበርሁ፤ የተሰፋ መጋረጃ ልናደርስ እየሄድን ነበር። ባለቤቴ ክራንቹን ከኋላ ወንበር ሳያወጣ የእርስዎ ሠራተኞች ጎታች መኪናቸውንና የመጎተቻ ጋሪያቸውን ይዘው ከች አሉ። ለውሃና ለመብራት ብልሽት ስንጠራ ጢማችን እስኪሸብት የምንጠብቅ ሰዎች ነንና እጅግ ተደነቅን። በዚያው ሰዓት የሚያውቀን አንድ ሽንኩርት ነጋዴ ባዶ የጭነት መኪናውን አቁሞ “ኧረ ሙሉዋን ልጫናት፣ ደግሞ ለእሳቸው!” ቢል፣ የቡድኑ አለቃ በዚህ መንገድ ላይ ከጽሕፈት ቤቱ በቀር የቆመ መኪና የሚነካ ሰው መንጃ ፈቃዱን እንደሚያጣ አስረዱት። ነጋዴውም እጁን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ባለቤቴን በዓይኑ ይቅርታ ጠይቆ ሄደ።

ሁለተኛ፣ ስለ አቅጣጫ። ይህን ደብዳቤ የሚያነቡ ሌሎችም ስለሚኖሩ መጎተቻ ጋሪ ማለት ምን እንደሆነ ልናገር። ባለሁለት ጎማ አጭር ጋሪ ናት፤ ከጎታቹ መኪና ኋላ ትታሰራለች፤ ከተበላሸው መኪና ሁለቱ ጎማዎች እሷ ላይ ይወጣሉ፣ የቀሩት ሁለቱ መሬት ለመሬት እየተንከባለሉ ይከተላሉ። እንግዲህ ቁም ነገሩ የትኞቹ ሁለቱ ይውጡ የሚለው ነው። የእኛዋ የምትገፋው በኋላ ጎማዎቿ ስለሆነ ወይ ዞራ በኋላዋ መውጣት ነበረባት፣ ወይ ከካምቢዮዋ ወደ ኋላ ጎማዎቹ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ መፈታት ነበረበት። አለዚያ ሞተሩ እንደጠፋ የኋላ ጎማዎቹ ካምቢዮውን ከውስጥ እያሽከረከሩት ዘይት ሳይደርሰው ይቃጠላል። ይህ ምስጢር አይደለም፤ ጋሪዋ ራሷ ላይ በተለጠፈ ቆርቆሮ ከነሥዕሉ ተጽፏል። እኔ ያን ዕለት ያላነበብሁት ጽሕፈት ቤትዎ “በሰላም እናደርሳለን” የሚለውን መፈክሩን ልክ በላዩ ላይ ስለለጠፈበት ነው።

ባለቤቴ ይህንኑ በትሕትና ቢያስረዳ አለቃው የመለሱለትን፣ ስለ ቃሉ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ እንዳለ ላስፍረው፦ “ጋሼ፣ መኪና በቂጡ አይጎተትም፤ መመሪያ ነው!” እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ኋላ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ ስጠይቅ እውነት ሆኖ አገኘሁት። ለካ አንድ ወቅት የተከበሩ እንግዶች ሲያልፉ አንዲት መኪና ወደ ኋላ ስትጎተት አይተው ከመካከላቸው አንዱ ስቋል። ከዚያ ወዲህ የጽሕፈት ቤቱን ዓርማ ይዞ የሚጎተት ተሽከርካሪ ሁሉ ፊቱ ወደ ፊት እንዲሆን ታዟል። የእንግዳ ሳቅ ከአንድ ካምቢዮ እንደሚበልጥ ስላስተማሩን እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፣ ስለ አተሳሰር። ጋሪ ላይ የሚወጡ ጎማዎች ሁለት እንደመሆናቸው የማጥበቂያ ቀበቶውም ሁለት ነው ይባላል። የእርስዎ ጋሪ አንድ ብቻ ነበራት፤ ሁለተኛውን በኋላ ግቢያችሁ ውስጥ የዘበኛውን የውሃ በርሜል አቅፎ አየሁት። ጎማው ቢያመልጥ መኪናዋን ይዛ የምታስቀር ሰንሰለትም ነበረች፣ ግን አልታሰረችም፤ እየተንቀጫቀጨች ታጅበን ነበር። የጎታቹ የፍሬን መብራት ከፒክ አፗ ኋላ ጋር ይገናኛል ወይ ብዬ ብጠይቅ አለቃው ከዘንቢሌ ያጮለቀውን መጋረጃ አየት አድርገው “እህቴ፣ ያቺን ቀይ ጨርቅ አውጪና ከኋላ እያውለበለብሽ ተከተዪን” አሉኝ። ባለቤቴ በጋሪ የሚጎተት መኪና ውስጥ ሰው እንደማይቀመጥ ነግሯቸው ሊወርድ ቢሞክር ደግሞ “መሪ ይያዙልን እንጂ ጋሼ፣ ለመውረድም ለመውጣትም ጊዜ ይፈጃሉ” ብለው በሩን ዘጉበት።

ክቡር ሆይ፣ እኔ በተኮናተርሁት ታክሲ መስኮት ግማሽ አካሌን አውጥቼ የሰው ሳሎን መጋረጃ እያውለበለብሁ ባለቤቴን ከኋላ ተከተልሁት። ቁልቁለቱ መካከል ስንደርስ ቀበቶ ያልነበረው ጎማ ከጋሪዋ ላይ ዘለለ። ፒክ አፗ በጎኗ ተንሸራታ መንገዱን ዘጋች፤ ጎታቹ ግን አልተሰማውም፣ መጓዙን ቀጠለ። ሞተር የጠፋበት ፍሬን ድንጋይ ነውና ባለቤቴ በሁለት እጁ ዘንጉ ላይ ተንጠልጥሎ ሲገፋ በኋላ መስታወቷ አየው ነበር። ስሙን እየጠራሁ ጮኽሁ፣ ባለታክሲው ክላክሱን ተጭኖ አልለቅ አለ፣ መንገደኛው ቆሞ ያያል። ምንም ማድረግ አልቻልሁም። እግር ያለኝ እኔ ነበርሁ፣ እግሬ ግን ምንም አልረባኝም። በመጨረሻ ያቆማቸው የመንገዱ ጠርዝ ነው፤ ፒክ አፗ ሆዷን ጠርዙ ላይ ጥላ ጎታቹን ጭምር ያዘችው። አለቃው ወርደው አዩና ጎማውን መልሰው አውጥተው፣ ባለቤቴ እዚያው እንደተቀመጠ፣ የቀረውን መንገድ ጨረስን። ከሥሯ የተቃጠለ ዘይት ይሸት ነበር።

አራተኛ፣ ስለ ግቢያችሁ አቀባበል። ባለቤቴን ተጋግዘን አውርደን አግዳሚ ላይ ስናሳርፈው አንዱ ሠራተኛ መኪናዋን ጥግ ሊያስይዝ ጋቢና ገባ። ያ ዘንግ ጉልበቱን ነካው። ወርዶ መጋዝ አመጣ። “ተው ወንድሜ፣ ተው!” እያለ ባለቤቴ ከአግዳሚው ይጣራል፣ እኔም ሮጬ ስደርስ ዘንጉ ሁለት ሆኖ መሬት ላይ ወድቋል። ልጁ ክፋት አልነበረበትም፤ “ትርፍ ብረት መስሎኝ ነው እናቴ” አለኝ፣ ዓይኑም እንባ አቀረረ። ይህንን የጻፍሁት እንዲቀጡት አይደለም፤ በጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ እስካሁን የደነገጠ ሰው ያየሁት እሱን ብቻ ስለሆነ ነው።

አምስተኛ፣ አቤቱታ ስለ መቀበላችሁ። አቤቱታ የሚቀርበው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በባለመኪናው በራሱ ብቻ ነው ተባልን። እኔ ወክዬው ልግባ ብል አይቻልም ተባልሁ፤ ሠራተኛ ወርዶ ያናግረው ብል አልተለመደም ተባልሁ። ስለዚህ ባለቤቴ ደረጃው ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠና ራሱን በክንዱ እየገፋ፣ አንድ በአንድ፣ ወደ ኋላ ወጣው። እኔ ክራንቹን ይዤ ከፊቱ ቆሜ የሚያልፉትን ሰዎች እንዳያይ ልከልለው ሞከርሁ፤ እሱ ግን ሁሉንም ሰላም ይል ነበር። ላይ ስንደርስ ባለጉዳይ ተቀባይዋ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሌላ ቀን ተመለሱ አለችን። ሲወርድ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ስለወረደ መመሪያው እንዳልተጣሰ አረጋግጥልዎታለሁ።

ስድስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ተውሁት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፣ የእኛ ቤት ዝምታ ግን ነቅዟል። ፒክ አፗን ያ ሽንኩርት ነጋዴ ከግቢያችሁ ጭኖ ደጃፋችን አደረሰልን፤ አንድ መካኒክም ካምቢዮዋን ከፍቶ አየና ተቃጥሏል ብሎ መልሶ ዘጋው። ዘንጉን የሠራው በያጅ በሕይወት የለም። ሌላ በያጅ ለምኜ አምጥቼ ነበር፤ ቁራጮቹን ገጣጥሞ፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ አያቸውና “ይሄ የሰው ነፍስ የሚይዝ ነገር ነው፣ እኔ አልደፍረውም” ብሎ አስረከበኝ። ባለሱቆቹ መጀመሪያ ሰሞን ሚዛኖቻቸውን ቤት ድረስ ያመጡ ነበር፤ አሁን ሩቅ ሆነባቸው። እኔም አልፈርድባቸውም።

ካሳ አልጠየቅሁዎትም። የሰጣችሁኝ ደረሰኝ ላይ “ተሽከርካሪው ያለ አንዳች ጉዳት ደርሷል” ተብሎ ማኅተም ተመትቶበታልና ማኅተም ካለበት ነገር ጋር የምከራከርበት አቅም የለኝም። የምነግርዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ባለቤቴ ድሮ ጠዋት ጠዋት “ልሂድ በቃ” ይለኝ ነበር። አሁን “ከተመቸሽ ትወስጂኛለሽ?” ይለኛል። እኔም ሁልጊዜ አይመቸኝም፤ ስፌቱ አለ፣ ወገቤም አለ። አይመቸኝም ባልሁት ቁጥር “ግዴለም” ይላል፣ እኔም ማሽኔ ላይ አቀርቅሬ አለቅሳለሁ። ከዚህ በላይ ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ እርስዎ ካወቁ ቢመክሩኝ ደስ ይለኛል።

በዚሁ ጽሕፈት ቤትዎ ከእንግዳ ሳቅ ሁሉ እንዲጠበቅ፣ እርስዎም ሊፍት በሌለበት ሕንፃ ውስጥ እስከ መጨረሻው በጤናማ እግሮች እንዲመላለሱ ከልብ እየተመኘሁ፣ ያደረጋችሁልንን ከመቀበል በቀር ምርጫ ያልነበረኝ፣ ታዛዥዎ፣

መጋረጃ ሰፊዋ፣ የሚዛን ጠጋኙ ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ ከጽሕፈት ቤትዎ የመጣ ማስጠንቀቂያ ደጃፋችን ላይ በቆመችው ፒክ አፕ መስታወት ላይ ተለጥፎ አገኘሁ። የማትንቀሳቀስ ተሽከርካሪ መንገድ ስላጣበበች በቅርቡ መጥታችሁ ትወስዷታላችሁ ይላል። ውሰዷት፤ እኔ አላስቀራትም። ብቻ የምትመጡበትን ሰዓት አስቀድመው ያሳውቁኝ፤ ባለቤቴ በየጠዋቱ ጋቢናዋ ውስጥ ገብቶ እየተቀመጠ ነውና፣ እናንተም ስትጎትቱ ሰው አለበት ወይ ብሎ መጠየቅ ልማዳችሁ ስላልሆነ፣ ቀድሜ ላውርደው።