ሁለቴ የወጣው እጄ አንዴ እንዲቆጠርልኝ

ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት ጽሕፈት ቤት

ግልባጭ፦
ለወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ለሁለተኛ «ለ» ክፍል መምህርት
ለባለቤቴ፣ ቤት

ቀን፦ የሁለተኛው መንፈቅ ሦስተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

ጉዳዩ፦ በጭንብሉ ስብሰባ ላይ ሁለቴ ያወጣሁት እጅ እንዲታረምልኝና ልጄ ከበሩ አጠገብ ተነሥታ ወደ ዴስኳ እንድትመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክብርት ርእሰ መምህርት፣

እኔ አመልካች ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ከጎሚስታው ቀጥሎ ባለው ወርክሾፕ የብረት በርና መስኮት የምሠራ በያጅ ስሆን፣ የሁለተኛ «ለ» ክፍል ተማሪ አባትም ነኝ። በመልክ ባያስታውሱኝ በሥራዬ ያውቁኛል፤ የዚያን ክፍል በር የሠራሁት እኔ ነኝ። በሩ ይጮኻል የሚል ቅሬታ ከመምህርቷ ደርሶኝ፣ በአካል ተገኝቼ ከፍቼ ዘግቼ ሞክሬው፣ አንዳች ድምፅ እንደሌለው በገዛ ጆሮዬ አረጋግጬ በጽሑፍ መልስ መስጠቴ ይታወሳል። ልጄም ያንኑ ቅሬታ ቤት ድረስ አምጥታብኝ፣ የአባትን ሥራ ማጣጣል ነውር ነው ብዬ ገሥጫታለሁ። ጆሮዬን በተመለከተ በኋላ እመለስበታለሁ።

1. ልጆች ክፍል ውስጥ የአፍና የአፍንጫ ጭንብል ያድርጉ ወይስ አያድርጉ የሚለውን እኛ ወላጆች እንድንወስን አዳራሽ መጠራታችን ይታወቃል። ዕድሜውን ሙሉ «ተወስኗል» ሲባል የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን «ወስን» ሲባል ሱሪውን ያስተኩሳል፤ እኔም አስተኩሼ ሄድኩ። ጭንብል ይደረግ አይደረግ ለመባባል የተሰበሰብነው ሁላችንም፣ ሰብሳቢውን ጨምሮ፣ ጭንብል አድርገን ነበር። እኔ የተቀመጥኩት ከዳቦ ጋጋሪው ኋላ ነው። ዳቦ ጋጋሪው ቁም ነገረኛ ሰው ነው፤ ልጁና ልጄም የአንድ ዴስክ ጓደኛሞች ናቸው። ስለዚህ እሱ እጁን ሲያወጣ እኔም አወጣሁ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና አወጣ፤ እኔም ደገምኩ። በኋላ እንደተነገረኝ፣ የመጀመሪያው እጅ «ጭንብሉን የምትደግፉ» ሲባል ነው። ሁለተኛው «የምትቃወሙ» ሲባል ሲሆን፣ ዳቦ ጋጋሪው ግን እጁን ያወጣው ለተቃውሞ አልነበረም፤ ያቦካው ሊጥ ኩፍ ብሎ እንዳይገነፍልበት ለመውጣት ፈቃድ እየጠየቀ ነበር። እሱ ወደ ሊጡ ሄደ፤ እኔ እጄን አንጠልጥዬ ቀረሁ።

2. ድምፁ ሲደመር የእጁ ብዛት ከሰዉ ብዛት በአንድ በለጠ፤ ደጋፊና ተቃዋሚም እኩል ለእኩል ወጡ። ጸሐፊዋ የዳቦ ጋጋሪው ነገር ገብቷት ሁለተኛውን እጁን አልቆጠረችም፤ የእኔን ግን ከሁለቱም ወገን መዝግባዋለች። ሰብሳቢው ጣታቸውን ቀስረው፣ «እርስዎ ጋሼ፣ የትኛው ነው ሐሳብዎ?» ብለው ጠየቁኝ አሉ። እኔ በአክብሮት ራሴን ነቀነቅኩ። «ሁለቱም?» አሉ። አሁንም ነቀነቅኩ። አዳራሹ ሳቀ፤ ሰው ሲስቅ አብሮ መሳቅ ጨዋነት ነውና እኔም ሳቅሁ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ እኔ ግን በሁለት እጄ ወጥቼ በሰፈሩ «ሁለት እጅ» ተብዬ ቀረሁ።

3. ሰብሳቢው ተስፋ ቆርጠው፣ «እንግዲያው እያንዳንዱ ቤት ለራሱ ይወስን፤ አባትና እናት አንድ ቃል ይዘው ይምጡ» አሉ። መምህርቷም በቅን ልቦና ክፍሉን አደላደለች፦ ባለ ጭንብሎቹ በመስኮቱ በኩል፣ ጭንብል የማያደርጉት በግድግዳው በኩል፣ ወላጆቻቸው ያልተስማሙ ደግሞ እስኪስማሙ ድረስ በበሩ አጠገብ። የሌላው ሰው ቤት ሁሉ በሰላም ተስማማ። በበሩ አጠገብ የቀረች አንዲት ወንበር ናት፤ የተቀመጠችባትም የእኔ ልጅ ናት። የመጣ ሁሉ «ክፈቺ»፣ የወጣ ሁሉ «ዝጊ» ይላታል። ልጆቹ «ዘበኛዋ» የሚል ስም አውጥተውላታል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በር ሠራሁ፤ ልጄ ደግሞ በሰባት ዓመቷ በር ጠባቂ ሆነች።

4. ባለቤቴ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ስትሆን ጭንብሉን ከመጀመሪያው ትደግፋለች (ግልባጭ እንደሚደርሳት እያወቅሁ ነው የምጽፈው)። ባለፈው የብርድ ወራት ልጃችን በሳል ተኝታ፣ እናቷ ደረቷ ላይ ጆሮዋን ደፍታ ያነጋቻቸው ሌሊቶች ነበሩና አልፈርድባትም። እኔ ግን ተቃወምኩ። ልጅ አየር ያንሳታል አልኩ፤ ፊደል አጥርታ መጥራት አትችልም አልኩ፤ ላብ ይዟት ጉንጯ ይቆስላል አልኩ። ባለቤቴም ወገቧን ይዛ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ቀኑን ሙሉ የብየዳ ጭንብል ደፍተህ ስትውል አየር አላጠረህ፤ ለአንዲት ብጫቂ ጨርቅ ነው እንዲህ የምትሆነው?» አለችኝ። እኔም መልስ እንደሌለው ሰው ሁሉ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። በየምሽቱ ውሃ ስንወቅጥ ከረምን፤ ውሃም እንደ ልማዱ እንቦጭ ብሎ ቀረ። በዚህ መካከል በበሩ የሚገባው ነፋስ ልጅቷን አገኛት፤ ሳሉ ተመለሰ። ከጉንፋን ለማዳን ስንከራከር ነፋስ ላይ አስቀመጥናት። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

5. አሁን ወደ ጆሮዬ ልመለስ። ክብርት ሆይ፣ ብረት መቁረጫው ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ሲያፏጭ ኖሮ ጆሮዬን ይዞት ሄዷል። ከቅርብ የሚያናግረኝን ሰው ድምፅ በጥቂቱ እሰማለሁ፤ የቀረውን ከከንፈሩ አነባለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የማይሰማ ሰው ዘንድ ማን የበሩን ልኬት ሊናገር ይመጣል? ደንበኞቼ ልኬቱን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፉልኝ ስላቸው «እንዴት ያለ ጥንቁቅ ሰው ነው» ይሉኛል፤ እኔም ምስጋናውን እቀበላለሁ። ሰው ሁሉ ጭንብል ካደረገ ወዲህ ግን ከንፈር የሚባል ነገር ከዓለም ጠፋ። የማውቀው ሰው ሁሉ የጨርቅ ግድግዳ ሆነብኝ። ያን ቀን በአዳራሹ ውስጥ የምትታየኝ የዳቦ ጋጋሪው እጅ ብቻ ነበረች።

ከቤት ውጭ ከንፈሯ የቀረልኝ ልጄ ነበረች። በየቀኑ ሲለቀቁ ከትምህርት ቤቱ በር ስቀበላት እስከ ወርክሾፑ ባለችው መንገድ አንገቷን ወደ እኔ አቅንታ፣ አፏን ከፈት ከፈት እያደረገች፣ ማን ማስቲካ እንደተያዘበት፣ ማን ሱሪው እንደተቀደደ፣ መምህርቷ ምን ብላ እንደተቆጣች ታወራልኛለች። በቀን ውስጥ አሟልቼ የምሰማው ወሬ ይኸው ብቻ ነው። የትምህርት ቤቱ ደንብ ደግሞ ባለ ጭንብል ተማሪ የዋናውን መንገድ ማዕዘን እስኪያልፍ እንዳያወልቅ ያዛል፤ የእኔ ወርክሾፕ ከማዕዘኑ ወዲህ ነው። ስለ አየርና ስለ ጉንጭ የደረደርኩት ሁሉ ሰበብ ነበር። የተቃወምኩት ልጄን እንዳላጣት ነው።

6. ባለፈው ሳምንት መምህርቷ ልጄን ለብቻዋ ጠርታ፣ «አንቺ ራስሽ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብላ ጠይቃታለች። ልጄም ከዳቦ ጋጋሪው ልጅ ጋር በመስኮቱ በኩል መቀመጥ እንደምትፈልግ፣ ጭንብሉም እንደማይከብዳት ከተናገረች በኋላ፣ «ግን አይሆንም፤ የአባዬ ጆሮ አፌ ላይ ነው ያለው» አለች። መምህርቷ መጀመሪያ የልጅ ጨዋታ መስሏት ስቃለች። ልጄ ግን ማስረጃ አቀረበች፦ «ጀርባዬን ሰጥቼ ስጠራው አይመጣም፤ ፊቴን ሳዞርለት ግን ይመጣል።» ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔም ጆሮ ወሬ እኔ ሳልሰማው ከልጄ አልፎ መምህርቷ ዘንድ ደርሶ ነበር።

ባለቤቴ ከመምህርቷ ሰምታ ያን ቀን ማታ ቤት ስትገባ፣ ጉድ ፈላ ብዬ ለጭቅጭቅ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ ጭንብሏን አወለቀች፤ «ስንት ዓመት ከማድቤት ስጠራህ ዝም ስትለኝ፣ ንቀት መስሎኝ ነበር እኮ» አለች። ከዚያ አለቀሰች። ቀጥላም፣ ለማልቀሷ ማካካሻ ይመስለኛል፣ እንዴት እንደዚህ ያለ ነገር ከነርስ ይደበቃል ብላ እስኪበቃኝ ሰደበችኝ፤ አንዱም ቃል አላመለጠኝም። ለጆሮዬም ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዛልኛለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ከማድቤት አትጠራኝም፤ መጥታ ጠረጴዛውን መታ መታ ታደርግና ፊቷን ታሳየኛለች። እኔና ባለቤቴ መሸት ሲል ሳንጨቃጨቅ ምን እንደሚወራ ገና እየተለማመድን ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው እንዲፈጸምልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ፦

ሀ. ሁለተኛው እጄ ተሠርዞ የመጀመሪያው እጄ ብቻ እንዲያዝልኝ፤ ልጄ ክፍል ውስጥ ጭንብል ታድርግ። በእኔ ስሕተት ግን የሌላ ሰው ልጅ ላይ እንዳልፈርድ፣ ይህ እጅ ለእኔ ቤት ብቻ ይቆጠር። ሌሎቹ ወስነው ተቀምጠዋልና አይነኩብኝ።

ለ. ልጄ ሳሏ ሳይብስ ዛሬውኑ ከበሩ ተነሥታ ከዳቦ ጋጋሪው ልጅ ጎን፣ ወደ ድሮ ዴስኳ እንድትመለስ። ወላጆቹ ሁለት ቃል የሆኑበት ሌላ ልጅ ወደፊት ቢመጣም በበሩ አጠገብ እንዳይቀመጥ፤ የሚቀመጥ ከተፈለገ ወላጆቹ ተራ በተራ ይቀመጡ።

ሐ. ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ወርክሾፔ ባለችው መንገድ ልጄ ጭንብሏን እንድታወልቅ እንዲፈቀድላት። መንገዷ ሰፊ ናት፤ ነፋስ አላት፤ ከሁለታችን በቀር ተጠግቶ የሚሄድም የለም። በቀን ውስጥ ሌላ ምንም አልጠይቅም፤ ይህችን መንገድ ብቻ ተዉልኝ።

መ. በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ የሚጠየቀው ነገር ሰሌዳ ላይ እንዲጻፍ፤ የማይቻል ከሆነ ግን ቢያንስ ሊጥ አቡክቶ ከመጣ ሰው ኋላ እንዳልቀመጥ።

ይህን ማመልከቻ ጽፌ ስጨርስ ስሕተት ካለው እንድታርምልኝ ለልጄ ሰጠኋት። ፊት ለፊቴ ቆማ፣ አፏን ከፈት ከፈት እያደረገች፣ ከላይ እስከ ታች አነበበችልኝ። «ዘበኛዋ» የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ዝቅ አለ መሰለኝ፤ አፏ ብዙም አልተከፈተም። አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን መለሰችልኝና ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ጓዳ እየሄደች አንድ ነገር ተናገረች። አልሰማሁም። እናቷ ሳቀች። ድሮ ቢሆን አብሬ እስቅ ነበር፤ አሁን ግን «ምን አልሽ?» ብዬ ጠየቅሁ። ልጅ ማሳደግ ከጀመርኩ ወዲህ እንዲህ ብዬ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነው። እሷም ተመልሳ መጣች፤ ሁለት ጉንጬን በእጆቿ ይዛ፣ ፊቷን ፊቴ ላይ አድርጋ ደገመችልኝ፦

«አባዬ፣ በሩ ይጮኻል።»

ክብርት ሆይ፣ በሩ ይጮኻል። ቀደም ሲል በጽሑፍ የሰጠሁትን መልስ አንሥቻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ግራሶ ይዤ እመጣለሁ፤ እኔ እቀባለሁ፣ ልጄ ትሰማለች።

ጮክ ካለ ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
በያጁ «ሁለት እጅ»
የሁለተኛ «ለ» ክፍል ተማሪ አባት