ልቡ የማይደርቀው ጥድ

ይድረስ ለምወድህ ወንድምዓለም ሬንጂ፤

እንደምን ሰነበትክ? የሃኮዳቴ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ጀልባ ላይ ስትውል የሚያምህ ትከሻህስ ተሻለህ ወይ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነን።

ከዩኒቨርሲቲ ከተመለስኩ ወዲህ እግሬ አርፎ አያውቅም። በሽቦ ገመድ ከገደል የምናነሣውን ግንድ ክብደት በዓይን መገመት ይቅር፣ የሸለቆውን ጥድ ሁሉ ካልመዘንኩ እያልኩ ሰው አሰልችቻለሁ። አባባ የሞተበት ተዳፋት ደግሞ ዘንድሮ እንደገና ለግንድ ቆረጣ ተከፈተ። ስወጣው ከኋላዬ ሰው የሚተነፍስ ይመስለኝ ነበር።

ከሁለት ጥዶች ክብ ጉማጅ አስቆረጥኩ። አንዱ በዚያው ጠዋት የወደቀ ነው፤ ሌላው እንደ ልማዳችን ቅጠሉ ውኃውን እንዲመጥለት ከነቅጠሉ ተጋድሞ የሰነበተ። የሁለቱም ልብ፣ የግንዱ መሃል ማለቴ ነው፣ ጥቁር ነው። ከመዘንኳቸው በኋላ እስከ አፉ በተሞላ በርሜል ሙሉ በሙሉ ደፍቄ ነከርኳቸውና የፈሰሰውን ውኃ መዘንኩ፤ የእንጨቱን ክብደት ለውኃው ስታካፍል እፍጋቱ ይወጣል። አለቃችን ጋሽ ኢሶጋይ አጠገቤ ቆመው፣ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄደሽ የተማርሽው ግንድ ማጠብ ነው እንዴ እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ስለቃቸው አዲሱ ሰጠመ። ቅጠሉ የደረቀው ደግሞ አናቱን ብቻ ብቅ አድርጎ ቀረ፤ የውኃን ያህል ይከብዳል ማለት ነው። ቅጠሉ ከጠወለገ ግንዱ ቀሏል ብለን ነው የኖርነው። ልበ ጥቁሩ ጥድ ግን ቅጠሉ ደርቆም ውኃውን አይለቅም።

ያን ቀን አባባ ላይ የወደቀውም ግንድ ልበ ጥቁር ሆኖ ቅጠሉ ደርቆ ነበር። ገመዱን የሚስበውን ሞተር የያዝከው አንተ ነበርክና መንደሩ ልጁ ቸኩሎ ጎትቶ ገመዱን በጠሰው አለ፤ አንተም አምነህ ሄድክ።

ጉማጁ ውኃ ውስጥ እንደዚያ ሲቀር አይተው ጋሽ ኢሶጋይ ሳቃቸውን ዋጡ። እጃቸውን በርሜሉ ውስጥ ነክረው ጉማጁን ወደ ታች ተጫኑና፣ «ሺኖ፣ ያን ቀን ወንድምሽ ‹ከብዶኛል፣ ልልቀቀው› ብሎኝ ነበር። ‹ቅጠሉን አታይም? ሳበው!› ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ ብላቸው፣ «ቀላል መስሎኝ ነበራ። ግንዱ ቀላል ከሆነ ጥፋቱ የወንድምሽ ነዋ» አሉኝ።

ወንድምዓለም፣ አንተ ይህን ለማንም አልተነፈስክም። እሳቸው ግን በማግስቱ ሠራተኛው በተሰበሰበበት ራሳቸው ተናገሩት። የገመዱም ጭነት በግማሽ ተቀነሰ።

ባለቤትህን ሳዋኮን ሰላም በልልኝ፤ ትንሿን ልጅህን ቶዋን ጉንጯን ሳምልኝ። እማማም ሰላም ብላሃለች። ገመዱ በነፋስ ሲያፏጭ ዛሬም ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ ስም ትጠራለች። አባባን የምትጠራ ይመስለኝ ነበር፤ ቀረብ ብዬ ስሰማ የምትጠራው አንተን ነው።

እህትህ ሺኖ
ካጂታኒ መንደር፣ ቶኩሺማ
ኅዳር 12 ቀን