እባክዎ ይቆጡኝ

ለክቡር ቪሳሪዮን አርካዲየቪች፣
የመሥሪያ ቤታችን የሹመትና የዝውውር ኃላፊ፣
ፒተርስበርግ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ፋሲካውን በሙሉ ጤና እንዳሳለፉና ሪህዎም እንደተሻለዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔና ባለቤቴ ግላፊራ እዚህ በፋርስ ምድር፣ በካስፒያን ባሕር ዳር፣ ባስቀመጡን ቦታ ሳንነቃነቅ አለን። ለብቻዎ የጻፍኩልዎ ደብዳቤዎች ሥራ እንዳበዙብዎ ስለገባኝ፣ ይህንን ለጋዜጣ አዘጋጅቼ፣ ቅጂውን በየቆንስላው ላሉ ባልደረቦቼ አስቀድሜ ልኬዋለሁ።

አንደኛ፣ ወደዚህ በተሾምኩ በዓመቱ፣ ፒተርስበርግ መጥቼ ደጅ ልጠና ብል መንገዱ ስለራቀብኝ፣ አንድ የቱርክመን ምንጣፍ እጅ መንሻ ላክሁልዎ። ጥፋቴ ጥሩ መምረጤ ነው። መጥፎ ምንጣፍ የላከው ባልደረባዬ ኢጣሊያ፣ ቬኒስ ከተማ ተሾመ፤ እርስዎ ግን የእኔን ካነጠፉት ወዲህ «ኤራስት ከዚያ ከተነሣ ማን ይመርጥልናል?» ማለትዎን ሰምቻለሁ። ስለዚህ እምነትዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ለመነሣት የላክሁት ስጦታ እዚሁ ተከለኝ።

ሁለተኛ፣ የእህትዎ ልጅ ጌርማን፣ ፋርስኛ አንዲት ቃል ሳያውቅ ከእኛ ጋር ጥቂት ወራት ተቀምጦ፣ ዘንድሮ በፋሲካው ሹመት ወደ አውሮፓዊቷ ወደብ ወደ ትሪየስት ተዛውሯል። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ነውና አልቀናሁም። ብቻ የሸኘነው ዕለት ግላፊራ ትኩሳት ጥሏት ስለነበር፣ ተነሥታ ስላልተሰናበተችው ይቅርታ ትጠይቃለች።

ሦስተኛ፣ ሐኪሙ ሌላ በጋ እዚህ ከከረመች አትተርፍም ብሏል። ዝውውር ጠየቅሁ፤ ኒሻን ላኩልኝ። ኒሻኑ ያምራል፤ ትኩሳት ግን አያወርድም። ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ምትክ የለህም ተባልኩ። ሥራዬን ልልቀቅ ብዬ አመለከትኩ፤ ማመልከቻው እስከ ዛሬ የእርስዎን ፊርማ ይጠብቃል። ብቻዋን ልላካት ብል ከባሕሩ ማዶ የሚቀበላት ዘመድ የለንም፤ እሷም «በምንጣፍ ምክንያት ባሌን ጥዬ አልሄድም፣ አርፈህ ተቀመጥ» ትለኛለች። ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ።

አራተኛ የለኝም። ጉዳይ ሁሉ እጅዎ ላይ ሲዘገይ፣ በአንድ ቀን የሚያልቅ አንድ ነገር ብቻ እንዳለ ግን አስተውያለሁ፤ እሱም አለቃውን በአደባባይ የሰደበ ሰው ማባረር ነው። ስለዚህ በታላቅ ትሕትና እሰድብዎታለሁ፦ ክቡርነትዎ የሰው ሚስት ነፍስ በምንጣፍ የለወጡ ስግብግብ ሽማግሌ ነዎት። ከዚህ የባሰ ስድብ ካስፈለገ ትእዛዝዎን በቴሌግራም እጠብቃለሁ።

ግንባሬን መሬት አስነክቼ እጅ እየነሣሁ፣ እስኪያባርሩኝ ድረስ ታማኝ አገልጋይዎ የሆንኩ፣

ኤራስት ኮንድራቴቪች ሚልኪን
የቆንስላው ጸሐፊ

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፦ ቅጂው ከባልደረቦቼ በአንዱ በኩል ደርሶዎ ኖሮ፣ መልስዎ ዛሬ ጠዋት በቴሌግራም መጣልኝ፦ «አንብበነው በሳቅ ሞትን። ባለቤቴ ለእንግዶች ደግማ አስነበበችው። ይቅር ብለንሃል። ለመመገቢያ ክፍላችን ቀይ ምንጣፍ ምረጥልን።» ግላፊራ ቴሌግራሙን ተቀብላኝ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያም አስራ ያዘጋጀችውን ሻንጣ መፍታት ጀመረች።