«ጥልቀት ዜሮ» ስለተባለው የእናቴ ረግረግ

ለደን ካርቦንና ለረግረግ መሬት ካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ

ቀን፦ 19/07

ጉዳዩ፦ በብሎክ 27 የሚገኘው ረግረግ በካርታው ላይ «ደረቅ መሬት፣ ጥልቀት ዜሮ» ተብሎ የተመዘገበው እንዲታረም ለአራተኛ ጊዜ ስለማመልከት

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

እኔ አመልካቿ በመሥሪያ ቤትዎ ለአሥራ አንድ ዓመት የመስክ መለኪያ ሠራተኛ ሆኜ አገልግያለሁ። ባልደረቦቼ ስሜን ትተው «ባለዘንጓ» ይሉኝ ነበር። ከዚህ በፊት ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች መልስ ስላላገኙ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ። ካበዛሁት ከወዲሁ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

1. ሳተላይቱ ከላይ ሆኖ የዛፉን ቁመትና የቅጠሉን ስፋት ያያል። ከሥር ያለውን የምንለካው ግን እኛ ነበርን። ረግረግ ውስጥ የወደቀ ቅጠል፣ ሥርና ግንድ ውሃ ስለሚሸፍነው በቶሎ አይበሰብስም፤ ለሺህ ዓመታት እየተደራረበ ጥቁር አፈር ይሆናል። በሰነዶቻችን «ፒት» የሚባለው ይኸው ነው፤ ከላዩ ከቆመው ደን የበለጠ ካርቦን የያዘውም እሱ ነው። የብረት ዘንጉን ወደ ታች እገፋለሁ፤ ከሥር ያለው ሸክላ አፈር ጋ ሲደርስ እምቢ ይላል። ያን ጊዜ ጥልቀቱን አንብቤ በደብተሬ እጽፋለሁ። ሥራዬ በአጭሩ ይህ ነበር። አናጺው ታላቅ ወንድሜ «ጭቃ ለመውጋትም ሰው ይቀጠራል እንዴ?» እያለ ሲስቅብኝ ኖሯል።

2. ብሎክ 27 የተወለድኩበት ነው። የእናቴ ቤት ከረግረጉ ዳር በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመ ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት ቡድናችን እዚያው ዘጠኝ ቀን ቆይቶ ስድሳ ሦስት ነጥቦች ለካ። ትንሹ ጥልቀት ሁለት ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሜትር፣ ትልቁ አምስት ሜትር ከአርባ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማታ ላይ የቦታ መለያው መሣሪያ (ጂፒኤሱ) ውሃ ገባበትና ሞተ። ስለዚህ ሃያ ሁለቱ ነጥቦች ብቻ የቦታ ቁጥር አላቸው። የቀሩትን አርባ አንዱን ከወንዙ ዳር በገመድ እየለካን፣ የትኛው ዛፍ አጠገብ እንደሆኑ እየጻፍን ጨረስን።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ሳልደብቅ ልናገር። የቡድን መሪያችንን «መሣሪያው ሲጠገን ተመልሰን እንምጣ» ብዬው ነበር። «ተይው፣ የጎደለውን ሳተላይቱ ይሞላዋል፤ አንቺ ፈርሚ» አለኝ። እዚያው እናቴ ቤት ደጃፍ ላይ «ሥራው ተጠናቋል» በሚለው ቅጽ ላይ ፈረምኩ። እናቴ እራት አቅርባ እየጠበቀችኝ ስለነበር ቸኩዬም ነበር። ያን ፊርማ ማንም አስገድዶ አላስፈረመኝም።

3. ካርታው ታትሞ በሁለተኛው ፎቅ ኮሪደር ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ፣ እንደ ማንኛውም ሰው መጀመሪያ የፈለግኩት የእናቴን ቤት ነው። ቢጫ ሆኖ አገኘሁት። ቢጫ ማለት ደረቅ መሬት ማለት ነው። ዓይኔ ያታለለኝ መስሎኝ በጣቴ እየተከተልኩ ደግሜ አየሁት። ከዚያ ወደ ምስል ተንታኟ ክፍል ሄድኩ። ልጅቱ እውነተኛ ናት፤ ምንም አልደበቀችኝም። የብሎኩን አሥራ አራት የሳተላይት ምስሎች አንድ በአንድ ከፍታ አሳየችኝ። በሁሉም ላይ ቤታችን ያለበት ቦታ ደመና ነው።

«እትዬ፣ የማይታየውን ቦታ ኮምፒውተሩ አጠገቡ ባለው ይሞላዋል» አለችኝ። አጠገቡ ያለው ደግሞ ከወንዙ ማዶ ያለው ደረቅ ኮረብታ ነው።

«ሃያ ሁለቱ ነጥቦቼስ?» አልኳት።

ፈልጋ አገኘቻቸው። «ከአካባቢው ጋር የማይጣጣሙ» ተብለው በራሱ በኮምፒውተሩ ተጥለዋል። አርባ አንዱ ከነጭራሹ አልገቡም። ልጅቱ ፊቷ ልውጥ አለና «በጽሑፍ አመልክቺ፤ እኔ ብነካው እጠየቃለሁ» አለችኝ። የመጀመሪያውን ማመልከቻ የጻፍኩት በዚያው ዕለት እሷ በሰጠችኝ ወረቀት ነው።

የክፍል ኃላፊው አስጠርተው አነጋገሩኝ። «ወይዘሮ፣ ካርታው ጸድቋል። የሚታረም ካለ በሚቀጥለው እትም ይታያል» አሉኝ። የሚቀጥለው እትም መቼ እንደሆነ ብጠይቅ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው አሉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የመስክ ሥራው ሁሉ በሳተላይት እንዲተካ ተወስኖ የእኔና የባልደረቦቼ ውል ሳይታደስ ቀረ። ዘንጌን ለዕቃ ግምጃ ቤት አስረክቤ ወጣሁ። ደብተሬን የጠየቀኝ ስላልነበረ እኔው ጋ ቀረ።

4. በተከታዩ ዓመት፣ ካርታው ደረቅ መሬት ስለሚል፣ ብሎክ 27 ለእርሻ ተፈቀደና ማፋሰሻ ቦይ ሊቆፈርበት ማሽን ገባ። ደብተሬን ይዤ ሮጥኩ። ኦፕሬተሩ ጨዋ ሰው ነው፤ ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ ሰማኝ። ከአካፋው ላይ ጥቁሩን አፈር በእፍኜ አንስቼ ውሃውን ጨምቄ አሳየሁት፤ ሥርና ቅጠሉ ይለያል።

«እኔም ማሽኑ ሲሰምጥብኝ ገብቶኛል። ግን እህቴ፣ የተሰጠኝ ካርታ ይኸው ነው፤ አልቆፍርም ብል ነገ ሌላ ሰው ይልካሉ» አለኝ።

ካርታውን ገልጦ አሳየኝ። የመሥሪያ ቤታችን ማህተም አለበት። ቦዩ በሃያ ስድስት ቀን አለቀ።

ክቡርነትዎ፣ ይህ አፈር ውሃው ሲወጣ ይሟሽሻል። በአንድ በጋ የጉድጓዳችን ውሃ ጠፋ። መሬቱ እየወረደ ሄዶ የእናቴ ቤት የመጨረሻው ደረጃ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ወንድሜ ከሥሩ ሌላ ደረጃ ሠራ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ሌላ ጨመረ። እናቴ «ቤቱ ነው የሚያድገው ወይስ እኔ ነኝ የማጥረው?» ትል ነበር። አብረናት ሳቅን። ሁለተኛው ማመልከቻዬ በዚያ ጊዜ የገባው ነው።

5. ቀጥሎ በደረቀው አፈር ውስጥ እሳቱ መጣ። ይህ እሳት እንደ ሌላው እሳት ነበልባል የለውም። ከመሬት በታች እየተሳበ አፈሩን ይበላል፤ ከላይ የሚታየው ጭስ ብቻ ነው። ወንድሜ የውሃ መሳቢያውን ቧንቧ ከጭሱ ሊያሸሽ ሲሄድ፣ ደህና የመሰለው መሬት ከዳውና ቀኝ እግሩ እስከ ጉልበቱ ፍም ውስጥ ገባ። ጎረቤቶች በገመድ አወጡት። ሐኪሞቹ አሥራ ሰባት ቀን ታግለው እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ሲነቃ አጠገቡ ነበርኩ። የሚቀልድብኝን ነገር ጠበቅኩ። እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ቅጽ ስፈርም እሱም ቤት ነበር፤ እስክሪብቶውን ያቀበለኝ እሱ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ቤቱ በሳምንቱ ዘመመና ወደቀ። እናቴ ከዚያ በፊት ወጥታ ነበር፤ አሁን ሦስታችንም ሦስተኛ ፎቅ ላይ በተከራየሁት አንድ ክፍል ነን። ወንድሜ በክራንቹ ደረጃውን መውረድ ስለማይችል ካመጣሁት ወዲህ ደጅ የወጣው ለሐኪም ቀጠሮ ብቻ ነው።

6. ምትክ ቦታ እንዲሰጠን የተጎጂዎችን ጉዳይ ለሚያየው የአደጋ ኮሚቴ አመለከትን። መልሱ በአንድ ገጽ መጣ፤ ቅጂው ተያይዟል። «በካርታው መሠረት ቦታው ደረቅ መሬት በመሆኑና አፈር ስለማይቃጠል፣ እሳቱ ከቤተሰቡ ጥንቃቄ ጉድለት የተነሳ ነው» ይላል። እናቴ ያቃጠለችው ነው ማለታቸው ነው። ሦስተኛው ማመልከቻዬ ይህን የሚመለከት ነበር።

ዘንድሮ አዲሱ እትም ወጣ። ተስፋ አድርጌ ነበርና በወጣ በሁለተኛው ቀን መጥቼ ኮሪደር ላይ ቆሜ አየሁት። በዚህኛው ደመና የለም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ዛፎቹ ማለቃቸው በትክክል ተመዝግቧል። ከሥራቸው የተቃጠለው አፈር ግን፣ ከመጀመሪያው ዜሮ ስለነበረ፣ ጉዳቱም ዜሮ ተብሏል። ጥበቃው መጥቶ «ምን ሆነሽ ነው?» እስኪለኝ ድረስ እያለቀስኩ መሆኔን አላወቅኩም ነበር።

ስለዚህ የምለምነው የሚከተለውን ነው፦

ሀ. ስድሳ ሦስቱ ነጥቦች፣ የቦታ ቁጥር የሌላቸውም ቢሆኑ «በገመድ የተለካ» ተብለው መዝገብ ውስጥ እንዲገቡ፤ የደብተሬ ቅጂ ተያይዟል፣ ዋናውንም አቀርባለሁ፤

ለ. ቦታው ፒት እንደነበረና ፒት ሲደርቅ እንደሚቃጠል ለአደጋ ኮሚቴው በደብዳቤ እንዲገለጽልን፤

ሐ. በሌሎች ብሎኮችም ደመና የሸፈነው ቦታ በግምት ከሚሞላ «አልታየም» ተብሎ እንዲጻፍበት። እዚያም ሰው ይኖራል።

ረግረጉ ይመለስ አላልኩም፤ እንደማይመለስ ከማንም በላይ እኔ አውቃለሁ። ዝናብ ሲመጣ ጭሱ ይቀንሳል እንጂ ከሥር ያለው እሳት እስካሁን አልጠፋም። ፊርማዬን በተመለከተ የሚገባኝ ቅጣት ካለ እቀበላለሁ፤ ብቻ ጥፋቱ የእኔ ይሁን፣ በእናቴ ላይ አይጻፍ።

ከዚህ መሥሪያ ቤት በተመለስኩ ቁጥር እናቴ በሩን ሳልዘጋ «ምን አሉሽ?» ትለኛለች። «ያዩታል» እላታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህንኑ አልኳት፤ አሁን ስላት ቀና ብላ አታየኝም። ከላይ የጠየቅኩት ሁሉ የማይቻል ከሆነ፣ እንደማይቻል የሚገልጽ ማህተም ያለበት ወረቀት እንዲሰጠኝ በትህትና እለምናለሁ። ቢያንስ የማነብላት ነገር ይኖረኛል።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የቀድሞ የመስክ መለኪያ ሠራተኛ፣ የመታወቂያ ቁጥር 0417

አባሪ፦ የመስክ ደብተር ቅጂ 31 ገጽ፣ የሕክምና ማስረጃ 2 ገጽ፣ የአደጋ ኮሚቴው መልስ 1 ገጽ